ከእንደራሴው የመጣ ደብዳቤ

ዛሬ ከወትሮው መንገዳችን ጥቂት ወጣ ብለን፣ ከባሕር ማዶ ስለ ደረሰን ደብዳቤ ልናጫውታችሁ እንወዳለን። ነገሩ ለጊዜው የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከምክር ቤት ተነሥቶ እስከ አራስ ቤት ድረስ የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ በቤተሰብ ገጽ ላይ መዋሉ ያለ ቦታው እንዳልሆነ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ የምትኖር አንዲት የቅርብ ዘመዳችን አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ጋር ኩታ ገጠም ስትሆን፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚኖሩባት፣ የምግብ ቤቱና የእንጀራ መሸጫው ስም በፊደላችን ተጽፎ የሚታይባት ስፍራ ናት። እህታችን እዚያ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሽማግሎችንና ባልቴቶችን እያጠበች፣ እያጎረሰችና ከአልጋ እያነሣች ታድራለች። ይህችው እህታችን፣ የግዛቱ ምክር ቤት በተሰበሰበ ጊዜ የምርጫ ወረዳዋ እንደራሴ በየሳምንቱ ለነዋሪው የሚልከውን ደብዳቤ፣ «ጋሼ፣ ለጽሑፍዎ ይረዳዎት እንደ ሆነ ይህንንም ይመልከቱት» እያለች ትልክልናለች።

በመጀመሪያ ጊዜ ስናነበው፣ እውነቱን እንናገርና፣ ፈገግ ብለን ነበር። ከላይ ስለ ግብርና ስለ ባጀት የተጻፈ ጽኑ ነገር አለ፤ ዝቅ ብሎ የትምህርት ቤቱ ልጆች የሙዚቃ ትርኢት የሚያሳዩበት ቀን ተነግሯል፤ ከዚያ ለጥገና የሚዘጋ መንገድ፤ ከዚያ ከብዙ ዘመን ማስተማር በኋላ ስላረፉ አንዲት መምህርት የኀዘን ቃል። ሕግ የሚያወጣ ሰው እንዲህ እንደ ጎረቤት ያወራል እንዴ አልን። ቆየት ብለን ስናስበው ግን ያ ፈገግታችን አሳፈረን። ሰውየው ጎረቤት ነው። ደብዳቤውም የሚነበበው ራት ከቀረበ በኋላ፣ ልጆች የቤት ሥራቸውን በዘረጉበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ደብዳቤውን ለመረዳት የምክር ቤቱን ልማድ ጥቂት ማወቅ ያሻል። የሜሪላንድ ምክር ቤት በአናፖሊስ ከተማ ይሰበሰባል። ሕንፃው በ1772 መሠራት የተጀመረ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካኑን ነገር በፈረንጆች ዘመን እንቈጥራለን)፣ ሳያቋርጡ ለሕግ ማውጫ ከሚያገለግሉት የአሜሪካ ግዛቶች አዳራሾች ሁሉ አንጋፋው ነው። ምክር ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጃንዋሪ ወር በሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ ለ90 ቀን ይቀመጣል። 47 አባሎች ያሉት የሕግ መወሰኛና 141 እንደራሴዎች ያሉት የሕግ መምሪያ ክፍል አለው፤ ሁሉም የሚመረጡት ለአራት ዓመት ነው። በነዚህ 90 ቀኖች ውስጥ ከ2,000 የሚበልጥ የሕግ ረቂቅ ይቀርባል። ይህን ቍጥር ሰምቶ ያልደነገጠ አንባቢ ቢኖር፣ መዝገብ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ነው።

አንድ ረቂቅ በመጀመሪያ ይነበባል፤ መነበቡ ግን ርእሱን ከመጥራት ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ቀን ቈርጦ ሕዝብ ይሰማል፤ ማንኛውም ነዋሪ አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ ጠበቃ ሳያቆም፣ በቃሉ ወይም በጽሑፍ ሐሳቡን ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ረቂቅ ሕይወቱ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፤ ኮሚቴው ድምፅ ሳይሰጥበት 90ው ቀን ያለቀ እንደ ሆነ ያለ ለቅሶ ይቀበራል። ከኮሚቴ ተርፎ የወጣው ደግሞ በሁለተኛና በሦስተኛ ንባብ አልፎ ወደ ሌላው ምክር ቤት ይሻገራል፤ እዚያም ያንኑ አቀበት እንደገና ከታች ይጀምራል። ሁለቱ ሲስማሙ ለአገረ ገዢው ይላካል። አገረ ገዢው ሊፈርምበት፣ ወይም አልቀበልም ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ በተወሰነለት ጊዜ ዝም ካለ ያለ ፊርማው ሕግ ይሆናል። የመለሰውንም ቢሆን በየምክር ቤቱ ካሉት አባሎች ከአምስት ሦስት እጁ ከጸናበት ያልፋል።

እንግዲህ በእንደራሴ ደብዳቤ ውስጥ «ረቂቅ አቀረብሁ» የሚለው ቃልና «ረቂቁ ጸደቀ» የሚለው ቃል የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው። «አቀረብሁ» የሚለውን አንብቦ እልል የሚል ሰው፣ ሽማግሌ በተላከ ዕለት ከበሮ እንደሚያስመታ ሙሽራ ነው።

የእህታችን ነገር ግን ከዚህም ይለያል። ለእርሷ ሕጉ ጸድቆላት ነበር።

የመጀመሪያ ልጇን በ2021 በወለደች ጊዜ በስድስት ሳምንቷ ወደ ሥራ ተመልሳለች። በአሜሪካ አገር በ1993 የወጣው የፌዴራሉ ሕግ፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ አንድ ዓመት የሠራ ሰው 12 ሳምንት እንዲያርፍ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ደመወዝ ይከፈል አይልም። ደመወዝ የሌለው ዕረፍት ደግሞ ለቤት ኪራይ ከፋይ ዕረፍት አይባልም። በ2022 የሜሪላንድ ምክር ቤት፣ ልጅ ለሚወልዱ፣ የታመመ ዘመድ ለሚያስታምሙና ራሳቸው በጽኑ ለታመሙ ሠራተኞች እስከ 12 ሳምንት ክፍያ ያለው ዕረፍት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። አገረ ገዢው ቢመልሰውም ምክር ቤቱ በኤፕሪል ወር በድምፁ ጸንቶ አሳለፈው። ገንዘቡ በመዋጮ ከሚሞላ ሣጥን እየወጣ፣ ክፍያው ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ እንዲሰጥ ተቈረጠ።

የእንደራሴው ደብዳቤ በዚያ ሳምንት ይህን በትልልቅ ፊደል አብሥሮ ነበር። እህታችንና ባለቤቷ አንብበው ተመካከሩ። ሁለተኛውን ልጅ ሕጉ ሥራ እስኪጀምር ብናቈየውስ አሉ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 35 ነበር፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብዙ አይደለም ብለው ወሰኑ።

በ2023 ምክር ቤቱ ክፍያው የሚጀመርበትን ቀን ወደ 2026 ጃንዋሪ አዛወረው። በ2024 ደግሞ ወደ 2026 ጁላይ። በ2025 ወደ 2028 ጃንዋሪ ተላለፈ። ምክንያት አልጠፋም፤ የግዛቱ ባጀት በዚያ ዓመት ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ጉድለት ገጥሞት ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ነገርም ወዴት እንደሚያመራ አይታወቅም ተባለ። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እኛን ያስቈጣን ግን ደብዳቤው ነው። ሕጉ በወጣ ጊዜ በትልልቅ ፊደል የተነገረው ነገር፣ መተላለፉ ሲነገር በመንገድ ጥገናውና በሙዚቃ ትርኢቱ መካከል በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተሸጕጦ ነበር። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ነንና ይህን ጥበብ አናውቀውም አንልም፤ ክፉውን ዜና በሰርኩላር ሦስተኛ አንቀጽ ውስጥ ማስተኛት የማይችል ጸሐፊ በየመሥሪያ ቤቱ ብርቅ ነው።

ደብዳቤው ጥቅም የለውም ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። በ2024 የወጣውን የተከራዮች ሕግ ብናነሣ፣ አከራይ ከአዲስ ተከራይ የሚቀበለው የመያዣ ገንዘብ ቀድሞ እስከ ሁለት ወር ኪራይ የነበረው፣ ከዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ጀምሮ ለብዙው ተከራይ ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሆኗል። የእህታችን የሥራ ባልደረባ ይህን ሳታውቅ የሁለት ወር ከፍላ ነበር። እህታችን ደብዳቤውን ከስልኳ አውጥታ አሳየቻት፤ አከራዩም አይቶ የአንዱን ወር መለሰ። ያ ገንዘብ ለዚያች ሴት የልጆቿ የክረምት ልብስ ሆኗል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቤት ማየት ግድ ነው። በትግርኛ ተናጋሪው ደጋ፣ እኛ ባደግንበት መንደር፣ ባይቶ የሚባለው የአገሬው ጉባኤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ መሬትና ስለ ውሃ ሲመክር፣ ወደ ሌላ መንደር የተላከ ሰው ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ እዚያው ቆሞ የተናገረውንና የተመለሰለትን ቃል በቃል ያወርድ ነበር። ያሳነሰ ወይም ያጋነነ እንደ ሆነ ሁለተኛ አይላክም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ያጣ እንደ ሆነ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ቀን ሲሠራ፣ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ሊያደርግ ይችላል። እንደራሴው በዚያ ጊዜ ወደ መራጮቹ ሲመጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ስለ ውሃና ስለ መንገድ የማይጠየቅበት ቀን የለም፤ ይህም ተገቢ ነው። ስለ የትኛው አዋጅ እጅህን አወጣህ፣ ለምንስ አወጣህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን እኛ በተገኘንባቸው ስብሰባዎች እምብዛም አልነበረም።

የወላዶችንም ነገር ካነሣን አይቀር፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዟ ሳይጓደል እንድታርፍ ያዝዛል። በዚህ ነገር ከባለጠጋው አገር ቀድመናል ብለን ልንኮራ ስንል፣ ከቢሯችን በር ላይ ሕፃን አዝላ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ታየችን። አሠሪ የላትምና አዋጁ አይደርስላትም።

ወደ እህታችን እንመለስ። በ2025 ኤፕሪል የመጨረሻውን መተላለፍ ባነበበች ማግሥት፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ፣ ለእንደራሴው ጻፈች። ግልባጩን ልካልናለች። ስድብ የለበትም። የሁለት ቤተሰብ ዕቅድ እንዴት በደብዳቤው ላይ እንደ ቆመና እንዴት እንደ ፈረሰ፣ በ2028 ዕድሜዋ ስንት እንደሚሆን ከጻፈች በኋላ፣ «ጌታዬ፣ ምክር ቤት ቀጠሮ ያስተላልፋል፤ የሴት አካል ግን ቀጠሮ አያስተላልፍም። እርስዎ በየትኛው ወገን ድምፅ ሰጡ?» ብላ ጠይቃዋለች።

መልሱ በ11ኛው ቀን መጣ። እንዲተላለፍ ድምፅ የሰጠ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጦታል። ሣጥኑ ገንዘብ ሳይሞላበት ክፍያ ቢጀመር በዓመቱ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ፈርቶ እንደ ሆነ፣ ነገሩንም በደብዳቤው በአንዲት መስመር ማለፉ ስሕተት እንደ ነበር ጽፏል። እኛ ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብነው። በውሳኔው አልተስማማንም፤ መዋጮውን ቀደም አድርጎ ማስጀመር ይቻል ነበር ባዮች ነን። ነገር ግን የሰጠውን ድምፅ ሳይጠይቁት በሚያውቁት ፊት ሳይሆን፣ ሊደብቃት በሚችል አንዲት የሌሊት ሠራተኛ ፊት ማመኑ ከሰውየው ጋር አስታርቆናል። እህታችን ግን አልታረቀችም። «ለእርስዎ ቀላል ነው፣ ጋሼ» አለችን በስልክ፤ መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲያ መጠበቁን ትተው ሁለተኛዋን ልጃቸውን በ2026 ፌብሩዋሪ ወለደች። እናቷ ከዚህ ገንፎውንና በርበሬውን ይዘው ሄደው አርሰዋታል። በሕጉ ከተፈቀደላት 12 ሳምንት ውስጥ ስምንቱን ብቻ ልታርፍ ቈርጣለች፤ ከዚያ በላይ ኪራዩ አይጠብቅም።

ምክር ቤቱ ያን ጊዜ ተከፍቶ ነበርና ደብዳቤው በሳምንቱ አራስ ቤት ድረስ መጣ። እንደ ልማዷ ላከችልን። ዘንድሮ አቀራረቡ ተለውጧል፤ ከሙዚቃ ትርኢቱ በላይ፣ እንደራሴው በሳምንቱ የሰጠው ድምፅ ከነምክንያቱ ተዘርዝሯል። እህታችን ወረቀቱን አሳትማ በአንደኛው ጥግ በእርሳስ አስምራበታለች። ከጐኑ በትንንሽ ፊደል «ይህን ደግሞ ማክሰኞ እጽፍለታለሁ፤ ልጅቱ ከተኛችልኝ» የሚል አለበት።