የስንብት ክፍያና የታገደ ጉልበት

በካፒታሊስቱ ዓለም ወዛደሩ ከጉልበቱና ከሙያው በስተቀር የሚሸጠው ሀብት እንደሌለው የታወቀ ነው። ከሥራ ከተሰናበተ በኋላ ይህንኑ ጉልበቱን ለሌላ አሠሪ እንዳይሸጥ የሚያግድ ውል ሲያስፈርሙት ግን ብዝበዛው ከወትሮው የከፋ ይሆናል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት «ያለመወዳደር ግዴታ» የሚባለው ይኸው ነው።

ግዴታው በቅጥር ጊዜ ብቻ ሳይሆን በስንብትም ጊዜ ይፈረማል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የስንብት ክፍያ አዋጁ ለሚመለከታቸው ተሰናባቾች መብት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን አሠሪውን እንዲህ ላለው ክፍያ አያስገድደውም፤ ስለዚህ ገንዘቡ መደራደሪያ ይሆናል። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሥራ አጥ የቀረበለትን ወረቀት ይፈርማል። «በነፃ ፈቃድ» የተባለው ይህ ፊርማ በእኛ አስተያየት የችግር ፊርማ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2015 የአማዞን ኩባንያ ጊዜያዊ የመጋዘን ሠራተኞቹን ሳይቀር ለ18 ወራት በተወዳዳሪ ድርጅት እንዳይሠሩ ያስፈርም እንደነበር በጋዜጠኞች ተጋለጠ። ቋሚዎቹም ሲቀነሱ የስንብት ክፍያ ለመቀበል ግዴታውን እንደገና እንዲያረጋግጡ ይጠየቁ ነበር። ኩባንያው ወዲያው በአሜሪካ ከሚገኙ የሰዓት ተከፋዮቹ ውል ላይ ግዴታውን እንደሚያነሳ አስታወቀ። ካርቶን ሲያሽግ የዋለ ሰው ምን ምሥጢር ይዞ እንደሚወጣ የነገረን የለም።

ከሁሉም የሚያስገርመው፣ አሠሪው «አትፈለግም» ብሎ ያሰናበተውን ሰው ሌላውም እንዳይፈልገው መከልከሉ ነው። ከሠራዊቱ የተሰናበተ የመኪና ነጂ ጠመንጃውን ያስረክባል፤ የመንዳት ሙያህንም አስረክብ የሚለው ግን የለም።

ከበርቴዎቹ የንግድ ምሥጢር እንዳይባክን ነው ይላሉ። ለምሥጢር ጥበቃ እኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ካሊፎርኒያም ከ1872 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ግዴታ ዋጋ አሳጥታ ሳለ፣ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ኢንዱስትሪው የገነነው በዚያችው ክፍለ ግዛት ነው። በጀርመን ደግሞ አሠሪው ሠራተኛውን ማገድ ከፈለገ በእገዳው ዘመን ቢያንስ የቀድሞ ገቢውን ግማሽ መክፈል አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አይበልጥም።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 30 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች በዚህ ግዴታ እንደተያዙ ገምቶ፣ በአፕሪል 23 ቀን 2024 ግዴታውን ከሞላ ጎደል የሚከለክል ደንብ በ3 ለ2 ድምፅ አጸደቀ። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል በኦገስት 20 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ኮሚሽኑ ራሱ በሴፕቴምበር 2025 ይግባኙን ተወ።

እንግዲህ ሠራተኛው የቀረለት የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩባት በዋሽንግተን ከተማ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ወዲህ የሚፈረም ያለመወዳደር ግዴታ፣ ከፍተኛ ደመወዝ ካላቸው በስተቀር፣ በአብዛኛው ሠራተኛ ላይ አይጸናም። ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ የሚሠራው ግን የሚዳኘው በሌላ ሕግ ነው፤ ያም ከ2020 ጀምሮ ዝቅተኛ ደመወዝተኞችን ከግዴታው ነፃ ያወጣ ነው።