ቀለሙን ቀባ፣ ሽቦውን ተው

«ቪዲዮ አይቼ ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል ወንድ ስሰማ ደሜ እንደሚፈላ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። የሰሞኑ ደግሞ ከካርቱም መጣብኝ። የሃጃ ልጅ ነው።

ሃጃን አትረሷትም፤ በካርቱም ዴም ሰፈር አከራያችን የነበረችው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ለፋሲካ ዶሮ ስንገነጥል እነሱ ረመዳን ይዘው ሳለ፣ የሱዳን ጦርነት ተኩሱ ሲጀመር በሯን ቆልፋ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። የሱዳን ሠራዊት በመጋቢት 2017 የካርቱምን ቤተ መንግሥት መልሶ ከያዘ በኋላ ስትመለስ፣ ከማድ ቤቷ የተረፈው ግድግዳው ነው። ቧንቧው የለም፤ ማጠቢያው የለም፤ መዳብ ፈላጊ የመብራቱን ሽቦ ግድግዳውን እየቦረቦረ መዞ ወስዶታል። ወደ ካርቱም የተመለሰ ብዙ ሰው የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ልጁ ታዲያ ማድ ቤቱን ራሱ ሊያድስ ተነሥቷል። «ኻልቲ፣ ለከህረባጂ የሚከፈል ገንዘብ የለንም» አለኝ በድምፅ መልእክት፤ ኻልቲ አክስቴ፣ ከህረባጂ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማለት ነው።

ገንዘብ የለም ማለቱን አልነቅፍም። ቀለም ይቀባ፤ መደርደሪያ ይምታ። ሴራሚክም ያንጥፍ፤ ቢንጋደድ እንግዳ ይስቅበታል፣ አለቀ። እኔ የምጣላው ከተሳሳቱ መመለሻ በሌለው ሥራ ላይ ነው። ሐበሻ ተከራይ ሲመለስ ይፈልገዋል ብሎ የምጣድ ሶኬት ሊያወጣ አስቧል። ማሰቡ ደግ ነው። ግን የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ፎቶ አንሥቶ የላከልኝ ጥቅል ሽቦ ላዩ ላይ 1.5 ይላል። ያ የአምፖል ሽቦ ነው! ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ፣ ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ ጥፋቱ ለዓይን አይታይም። የሚታወቀው ሽቦው ግሎ ልባሱ ሲቀልጥ ነው። ምጣድ የራሱ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይዘርጋው።

አንቡባውም፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ እንደዚያው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። መግጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሻል እንጂ በክብሪት አይሞከርም።

ግድግዳው ደግሞ ጃሉስ ነው፣ ጭቃ። መስኮት ላስፋ ብሎ መዶሻ ሊያነሣበት ነው። በ1980 ክረምት ካርቱም ላይ የወረደው ዝናብ ስንቱን የጃሉስ ቤት እንዳፈረሰ እናቱን ይጠይቃት። ፍርስራሽ ሲጠርግ ያልፈነዳ ነገር ካየ ደግሞ እጁን ሰብስቦ የብሔራዊ ፈንጂ አምካኝ ማዕከሉን ሰዎች ይጥራ። ይህንንም በቪዲዮ እማራለሁ እንዳይለኝ።

«ባለሙያ ተብዬውስ መቼ ታማኝ ሆነ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የቀደመ ሥራውን ሄዳችሁ እዩ፣ ክፍያውንም በሥራው ልክ ከፋፍሉ። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ይልቅ የከነከነኝ ልጁ የላከው ንድፍ ነው። ዙሪያውን ካቢኔት፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ካታሎግ ላይ እንዳለው። ሃጃ ኪስራ፣ የሱዳኖችን ስስ እንጀራ፣ የምትጋግረው ግን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ሊጡን በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ ምጣዱ ላይ እየሳበች ታሳሳዋለች፣ ሲደርስ ከዳር በጣቷ ትላጠዋለች፣ እግሯን ሳታነሣ ቀጣዩን ትጨልፋለች። በዚያ ንድፍ ውስጥ የምትቀመጥበት ቦታ የለም። የኮንዶሚኒየም ማድ ቤት ነዳፊዎቻችን ምጣድን እንዴት እንደረሱት ስንት ጊዜ እዚሁ ዓምድ ላይ ጮኼያለሁ? ባለሙያ ነበሩ እነሱም። የምትጋግረዋን ሳይጠይቅ ማድ ቤት የሚሠራ፣ ልጅ ሆነ መሐንዲስ፣ ለእኔ አንድ ነው።

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ መዶሻውን አስቀምጥና መጀመሪያ እናትህን የት ተቀምጣ እንደምትጋግር ጠይቃት። ቀጥለህ ከህረባጂውን ጥራ። የእሱን ሒሳብ እኔ እልካለሁ።