ዲኤክስ ትልቅ ሞተር ይግባላት?

እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለችው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ እኛ ዘንድ ስሟ ዲኤክስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬም የአዲስ አበባን ዳገት ትወጣለች፤ አወጣጧ ግን ባለቤቶቿን ያከራክራል። ከሁለቱ ጸሐፊዎቻችን አንዱ ዲኤክስ ይነዳል። ሌላው ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ ፈጅቶ ነው ብዕር ያነሳው።

ይግባላት

ጋሼ፣ እርስዎና እኔ ይህን ጉዳይ ባነሳን ቁጥር ወሬው ቶሎ ፍሬን ላይ ስለሚደርስ፣ ዛሬ ከሂሳቡ ልጀምር። ዲኤክስ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው 4ኬ የሚባለው ሞተር 1,290 ሲሲ ነው። ጉልበቱ እንደተሸጠችበት አገር ቢለያይም ከ60 እስከ 75 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ያውም በባሕር ጠለል ላይ ሲለካ። አዲስ አበባ ከዚያ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው በሳበው አየር ልክ ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለከፍታው ይገብራል። እንጦጦ አናት ላይ ኪሳራው ወደ ሩብ ይጠጋል። እንግዲህ ሞተሯ ዛሬ ከካርቶን የወጣ ቢሆን እንኳ እኛ የምንነዳው ሃምሳ ምናምን ፈረስ ነው። አርባ ዓመት የበላውን ፋሻና ሲሊንደር እርስዎ ይቀንሱበት።

ይህ የወረቀት ሂሳብ አይደለም። አራት ሰው ተቀምጦ፣ የኋላ ኮፈኑ በኬሻ ጤፍ ሞልቶ፣ በሰላሌ መንገድ ሲኖትራክ ኋላ ይያዙና ለመቅደም ይሞክሩ። ፍሬቻ ያሳያሉ፣ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣሉ። መኪናዋ ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ከሲኖትራኩ ጎማ ጎን ሆነው፣ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ እየቀረበ፣ የሚያልፉት ጊዜ ረጅም ነው። ጉልበት ሲባል እርስዎ ሽቅድምድም ይታይዎታል፤ እኔ የሚታየኝ በሰው መስመር ላይ የማሳልፈው ጊዜ ማጠሩ ነው።

«ታዲያ ለምን ሌላ መኪና አትገዛም?» እንዳይሉኝ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ይግዛ፣ ያምርበታል። እኔን መሰል ሰው በእጁ ያለችው መኪና የመጨረሻው መኪናው ናት፤ ስለዚህ እንድትጠቅመው አድርጎ መያዝ አለበት።

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቶዮታ እንደ ታውን ኤስ ላሉ ትንንሽ ሚኒባሶችና ጭነት መኪኖች ያዋለው 5ኬ የ4ኬ የሥጋ ወንድም ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት በሁለቱም 73 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ ከ75 ወደ 80.5 ሚሊ ሜትር ያድግና 1,486 ሲሲ ይሆናል። የዚያው ቤተሰብ ሞተር ስለሆነ መኪናዋን ሳይቆርጡ ሳይበይዱ፣ በነበረችበት ካምቢዮ ሊገጠም ይችላል። 4ኬዋ ተነድታ ተነድታ ጢስ መትፋት ስትጀምር ፒስተን፣ ፋሻና ጋስኬት ገዝቶ፣ ሲሊንደር አስጠርቦ ያንኑ ደካማ ጉልበት መልሶ መግዛት ለእኔ ትርጉም የለውም። ገንዘቡ መውጣቱ ካልቀረ ለሚበልጠው ይውጣ።

ከእኔም የባሱ አሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ይህችኑ መኪና 4ኤ-ጂኢ በሚባለው ባለ 16 ቫልቭ ሞተር የሚነዱ ወጣቶች ሞልተዋል። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣችው ዝነኛዋ ኤኢ86 ላይ የነበረው ነው። ኤኢ86 ደግሞ የዲኤክስ እህት ናት፤ ወለሏ የተቀዳው ከእሷ ነው። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድኩም። አምስት ኬ ይበቃኛል።

አይግባላት

ልጄ፣ ሂሳብህ ጥሩ ነው፤ እስኪ እስከ መጨረሻው እናስላው። ከ1,290 ወደ 1,486 ሲሲ ስትሄድ የጨመርከው 15 በመቶ ነው። ያቺን ሃምሳ ምናምን ፈረስህን በ15 በመቶ አሳድጋት፤ ስምንት ፈረስ ብታገኝ ነው። ለስምንት ፈረስ ሞተር ሊወርድ ነው ማለት ነው?

ጋራዥ በነበርኩበት ዘመን «ጉልበት አነሳት» ተብላ ያልመጣች ዲኤክስ አላውቅም። ባለቤቱ ከመኪናው ሳይወርድ ሞተር የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ ኮፈን አልከፍትም ነበር። የኋላውን በክሪክ አነሳና ማርሿን ዜሮ አድርጌ ጎማውን በእጄ አሽከረክረዋለሁ። ጤነኛ ከሆነ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ግን ግማሽ ዙር ሳይሞላ ጭርር ብሎ ይቆማል፤ የታምቡሩ ሸራ አልላቀቅ ብሎ ይዞታል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልመለስ ያለበትም አለ። ሰውየው ለወራት ፍሬን እየያዘ ሲነዳ ከርሞ ሞተሩን ይረግማል። ከዚያ ካንዴላዎቹን እፈታለሁ፤ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁረዋል። ካርቡራተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ይህ ስስ አየር ላይ ሲመጣ ማብዛቱ የታወቀ ነው። አየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፣ ታይሚንጉ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሲስተካከል የሚመለሰው ጉልበት ካንተ ስምንት ፈረስ አያንስም። ኮምፕሬሽን ለክቼ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በብዙ ሲያንስ ብቻ ነበር ስለ ሞተር የማወራው።

ከፍታው የሚወስደውን አንድ አምስተኛ ደግሞ ከ5ኬውም ይወስዳል፤ አንተ ያነሳኸው ለ4ኬዋ ብቻ ነው።

አሁን ወደማትወደው ነገር ልምጣ። ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ሲያድግ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ይህ የፊዚክስ ሕግ ስለሆነ ይግባኝ የለውም። መኪናዋ የተሠራችው ሞተሯ፣ ፍሬኗ፣ ራዲያተሯና ጎማዋ ተመዛዝነው ነው። ሞተር የሚያስቀይር ሰው ፍሬን ሲያስቀይር አላየሁም፤ ገንዘቡ ሞተሩ ላይ ያልቃል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ እዚያ የሚያስፈልግህ የሚያቆምህ ነገር ነው።

ኤኢ86 ያልከውንም ልንካው፤ ብዙ ወጣት በእሱ ተታሎ ገንዘቡን በትኗል። እዚህ ገበያ የምታገኘው 4ኤ በአብዛኛው ከኋለኞቹ ኮሮላዎች የወጣ ነው። እነዚያ የፊት ጎማቸው ነው የሚጎትተው፣ ሞተራቸውም በአግድም ነው የተቀመጠው። የዲኤክስ ሞተር በቁመት ተቀምጦ የኋላ ጎማ ይነዳል። ስለዚህ ሞተሩን ገዝተህ ስታበቃ የሚስማማው ካምቢዮ፣ መቀመጫ፣ የነዳጅ ፓምፕና ሽቦ ፍለጋ ትወጣለህ። መኪናዋ በጡብ ላይ ተሰቅላ ዓመት የምትጠብቅህ በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬህ ላይ ተጽፏል። ሱማሌ ተራ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ የተቀመጠ 5ኬ ስትገዛ ሻጩ ዲክላራሲዮኑን ይሰጥሃል? ወረቀት ከሌለው ቁጥሩን ሊብሬ ላይ ማስተካከል ፈተና ነው። ቦሎ ስታድስ ወይም መኪናዋን ስትሸጥ ያገኝሃል፤ ከሁሉም የሚከፋው አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ፊት ስትቆም ነው። ሞተሩ ራሱ ስንት ዓመት ምን ሲጎትት እንደኖረም የሚነግርህ የለም። ያንተን 4ኬ ግን ታውቃታለህ።

መልስ

ጋሼ፣ ዓባይ በረሃን ማንሳትዎ እኔን ነው የጠቀመኝ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አስገብቶ በሞተር መያዝን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? 1,486 ሲሲ ከ1,290 ይልቅ ይይዛል። የፍሬኑ ክርክር ደግሞ እኔ 100 እንደምነዳ ገምቶ ነው የተነሳው። እኔ የምፈልገው ከ50 ወደ 80 ቶሎ መድረስ ነው፤ 80ን ዛሬም እነዳለሁ፣ የምደርስበት ግን በጭንቅ ነው። ስምንት ፈረስ አልናቁም? ከሃምሳ ላይ ስምንት መጨመር ሲኖትራክ ጎን ላለ ሰው ትንሽ አይደለም።

ወረቀቱን በተመለከተ ልክ ነዎት፤ ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር በነፃም ቢሰጡኝ አልቀበልም። ይህ ግን ወረቀት ያለውን መግዛት ክልክል አያደርገውም። የተደፈነ ካርቡራተርና የያዘ ፍሬንም ቢሆን መጠገን ያለበት ሞተር ቢቀየርም ባይቀየርም ነው። እኔ የማወራው ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሲሊንደሩ አልቆ፣ ሞተሩ መውረዱ ላልቀረለት ሰው ነው።

የመጨረሻ ቃል

በሞተር የመያዙን ነገር ሰጥቼሃለሁ። በሌላው ግን ጠበብ ጠበብ እያልክ ወደ እኔ እየመጣህ ነው፤ ስትጀምር የዲኤክስ ባለቤት ሁሉ ሞተር ይቀይር የምትል መስለኸኝ ነበር። ሲሊንደሩ ያለቀበት ሰው ወረቀቱ የተሟላ 5ኬ ቢያገኝ፣ ኮምፕሬሽኑን አስለክቶ ቢገዛ፣ ፍሬኑንና ራዲያተሩንም በዚያው ቢያሳድስ እኔ አልጣላውም። እንደዚህ ያለው ግን ከአሥሩ አንዱ አይሆንም።

ለቀሩት ምክሬ ይኸው ነው፤ ሱማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት መኪናዋን በክሪክ አስነሥታችሁ አራቱንም ጎማ አሽከርክሩ፣ ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ ቀለማቸውን እዩ፣ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለክታችሁ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ። ቁጥሮቹ ተቀራራቢና ጤነኛ ከሆኑ ሞተራችሁን አትንኩ፤ ለሞተር የያዛችሁትን ብር ለፍሬንና ለጎማ አውሉት።