በረከት ስምዖን በብር ተጠየቀ፤ በሰኔ 1ስ?

ወገኔ፣ በረከት ስምዖን 6 ዓመት፣ ታደሰ ካሳ 8 ዓመት ሲፈረድባቸው «እሰይ!» ያልከው ብዙ ነህ። አልፈርድብህም። ግን የተፈረደባቸው በምንድነው? በጥረት ኮርፖሬት ንብረት። በቃ! ስለ ሰኔ 1 ቀን 1997 ማንም አልጠየቃቸውም።

ያኔ ሕፃን ከነበርክ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ ታላላቆችህን ጠይቃቸው። መርካቶ ላይ በሰው ላይ የተተኮሰበት ቀን ነው። በዚያ ሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት 193 ሲቪል መገደሉን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ራሱ ቆጥሯል። እርምጃው ከመጠን ያለፈ ነው ያሉት ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤል አገር ጥለው ወጡ። የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ማን ነበር? በረከት። ስለ ምርጫው መጽሐፍ ሁሉ ጽፎልናል፣ «የሁለት ምርጫዎች ወግ» ብሎ።

ይህ ሰው ከኢህዴን ጀምሮ እስከ ብአዴን የድርጅቱ ዓምድ ነበር። ማዕከላዊ ኮሚቴው ያገደው መቼ ነው? ነሐሴ 2010፤ የውስጥ ትግሉን ከተሸነፈ በኋላ። ጥር 2011 ታሰረ። ታምራት ላይኔም እኮ በ1989 እንዲሁ ነው የወደቀው፤ ትናንት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ዛሬ ሌባ። ጥፋት አልነበረም አላልኩም። መርካቶ ውስጥ ሚዛን የሚሰርቅን ነጋዴ የሚያጋልጠው ደንበኛው ነው። እነሱ ቤት ግን የሚያጋልጠው ሸሪኩ ነው፣ ያውም ከተጣሉ በኋላ።

ደግሞ የሰውየውን የዘር ሐረግ እየቆጠራችሁ «ድሮም የእኛ አይደለም» የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት። እጅ እያወጡ የመረጡት፣ ሲናገር ያጨበጨቡለት፣ በስማችን የተደራጁ የእኛው ሰዎች ናቸው። ብአዴን በመስከረም 2011 አዴፓ ተባለ፣ በዓመቱ ብልጽግና ውስጥ ገባ። ታፔላው ሦስቴ ተቀየረ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ግን እስቲ አንድ በአንድ እየው። ስንቱ ነው በ1997 ካድሬ የነበረ? እሱን ሌባ ሲሉ ራሳቸውን ነፃ አወጡ። እኛም በደስታ ማኅተሙን መታንላቸው!

ተኩሱን ማን አዘዘ? የሟቾቹ እናቶች እስካሁን መልስ የላቸውም። ስለዚህ ቀጣዩ ባለሥልጣን ሲወድቅ ከማጨብጨብህ በፊት ክሱን አንብበው። ሰኔ 1 ካለበት እኔም አብሬህ አጨበጭባለሁ።