የሸክላው ስብራት በማን ላይ ይውደቅ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። በገበያ ቀን ወደ ግልገል በለስ መነኸሪያ የወረደ ሰው የዚህን ተረት እውነትነት በዓይኑ ያያል። እንስራው፣ ድስቱና ጀበናው በአይሱዙ ላይ ተደራርቦ ይጫናል፤ በየመካከሉ አሮጌ ፌስታል ይጠቀጠቅበታል። መኪናው ወደ ቻግኒ ሲነሣ ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የስብራት ድምፅ ይሰማል።

አምና አክስቴ 12 ጀበና ለአንድ ነጋዴ ልካ 5ቱ ተሰብረው ደረሱ። ነጋዴውም የ7ቱን ዋጋ ብቻ ከፈለ። ጭቃውን የቆፈረችበት፣ ያቦካችበትና የተኰሰችበት ድካም ከስባሪው ጋር አብሮ ተጣለ። እርሷ መኪናውን አልነዳችም፤ ዕቃውንም አልጫነችም፤ ኪሳራው ግን በእርሷ ብቻ ላይ ወደቀ።

አንዳንዶች «ፌስታልና ስፖንጅ ርካሽ ነውና በርከት አድርጎ መጠቅጠቅ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ስስ ፌስታል በክብደት ሲጫን ይተኛል እንጂ ግጭትን አያበርድም። ከዚህም በላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። እንግዲህ ሌላ መላ መፈለግ ግድ ነው።

መላው ግን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የጉሙዝ እናቶች በትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥለው ሲሄዱ አላየንምን? እንጨቱ እየተለመጠ ንቅናቄውን ያበርደዋል፤ ዕቃውም ከዕቃ ጋር አይላተምም። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው፣ አንድ ነገር የሚቆምበት ጊዜ በረዘመ መጠን የሚያርፍበት ኃይል ይቀንሳል። በረኛ ኳስ ሲይዝ እጁን ወደ ኋላ የሚስበው ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። በክልላችን በብዛት ከሚበቅለው የቆላ ቀርቀሃ ስድስት ክፍል ያለው ጠንካራ ቅርጫት ይሠራ። እያንዳንዱ ጀበና በየክፍሉ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከሥሩና ከዙሪያው የደረቀ ሣር ወይም የለውዝ ቅርፊት ይሞላበት፤ ቶሎ የሚሰበሩት አንገቱና እጀታው ከቅርጫቱ አፍ በታች ይዋሉ። ቀርቀሃውም ሦስት ዓመት የሞላው ብቻ ይቈረጥ፤ ለጋው ይተው፤ አለዚያ ሸክላውን እናድናለን ስንል ደኑን እናጠፋለን።

ቅርጫቱ ዋጋ አለው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን እንደ ፌስታል አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል አይደለም። ነጋዴው መያዣ ገንዘብ አስይዞ ይውሰደው፤ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበል። በመንገድ የተሰበረውንም ላኪና ተቀባይ እኩል ይካፈሉት። ያን ጊዜ ለመጠንቀቅ ሁሉም ምክንያት ያገኛል።

በካናዳ አገር ጆሴፍ ኮይል የተባለ ጋዜጠኛ በ1911 እ.ኤ.አ. የእንቁላል መያዣ ካርቶን የፈለሰፈው፣ አንድ ገበሬና አንድ የሆቴል ባለቤት በተሰበረ እንቁላል ሲጣሉ ሰምቶ ነው ይባላል። እርሱ የሰማውን ዓይነት ጠብ እኛም በየገበያው እንሰማለን።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ቀርቀሃው በደጃችን፣ ሣሩም በእግራችን ሥር ነው። በዕረፍት ጊዜያችን አንድ ቅርጫት ሠርተን፣ ጀበና ሞልተን፣ ከወገብ ከፍታ ጥለን እንፈትነው። ቢሰበርብን አስተካክለን ደግመን እንሥራ። የእኛ ጀበና በፈተና ቢሰበር ትምህርት ነው፤ የእናቶቻችን ጀበና በመንገድ ሲሰበር ግን የልጆች እራት ነው።