አለንጋ የማይሰማው ልጅ

የልጅ አስተዳደግ ነገር ሲነሣ አበው «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይላሉ። ነገር ግን አለንጋ የማይሰማው ብርቱ ልጅ የተወለደ እንደ ሆነ አባት በምን ይገሥጸዋል? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ ስላለ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን።

ሱፐርማን የሚባለው ኀያል ሰው በጄሪ ሲገል ደራሲነትና በጆ ሹስተር ሠዓሊነት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ወጣ። በ1939 ዓመትም በወጣው መጽሐፍ፥ ከሌላ ዓለም የመጣውን ሕፃን ያሳደጉት ባልና ሚስት እንዴት እንደ መከሩት ተጽፏል። አባቱ ሰዎች እንዳይፈሩት ጕልበቱን ይሰውር ዘንድ ሲያስጠነቅቀው፥ እናቱ ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ሰውን እንዲረዳበት አዘዘችው።

በ2016 ዓመት ፒተር ቶማሲና ፓትሪክ ግሊሰን ባወጡት ተከታታይ መጽሐፍ ግን ይኸው ሰው ራሱ አባት ሆኖ፥ ከሚስቱ ከሎይስ ሌን ጋራ በገጠር እርሻ ላይ የ10 ዓመት ልጁን ጆንን ሲያሳድግ እናገኘዋለን። ከዕለታት አንድ ቀን ጭልፊት የቤታቸውን ድመት ነጥቆ ሲበር፥ ልጁ ሊያድናት ሲል ከዓይኑ እሳት ወጥቶ ጭልፊቱንም ድመቲቱንም አንድ ላይ አቃጠላቸው።

ልጁ ክፉ አላሰበም፤ የሚወዳትን የገደለው የኀይሉን ልክ ሳያውቅ መልካም ለማድረግ በመቸኰሉ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በቍጣ ቢመቱት ኀይሉን መደበቅ ይማር ይሆናል እንጂ ልኩን አይማርም። ስለዚህ ለአባት የሚቀረው መሣሪያ የገዛ ራሱ አኗኗር ነው፤ ብርቱ ሆኖ ሳለ በብርታቱ ማንንም ሳያስፈራ ሲኖር ልጁ ያየዋልና።

ይህ ነገር በሥዕል መጽሐፍ ብቻ የሚቀር አይደለም። የባለጸጋ ወይም የባለሥልጣን ልጅም ሳይደክምበት ያገኘው ኀይል አለው፤ በአንድ የሐሰት ቃል የቤቱን ሠራተኛ ከእንጀራው ሊያስወጣው ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያጠፋ እንደ ሆነ፥ ወላጁ ጥፋቱን በገንዘቡ ወይም በስሙ ፈጥኖ እንዳይሸፍንለት እንመክራለን። ይልቁንም ወደ ተጐዳው ሰው ወስዶ ጉዳቱን በዓይኑ ያሳየው፤ ይቅርታም እንዲጠይቅ ያድርገው። አባትም ራሱ የበታቾቹን በትዕግሥት ሲሰማ ይታይ፤ የልጁ ጕልበት ከአባቱ ጕልበት ባለፈ ቀን ልጁን የሚይዘው በቤቱ ያየው ነገር ነውና።