አንድ ኮምፒዩተር ለአራት ሕፃናት

ሕፃን ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ የሚማረው አንድ ታላቅ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ከሌላው ሰው ጋር አብሮ መኖር ነው። በገበታ ዙሪያ ተቀምጦ እጁን ከታላላቆቹ በፊት እንዳይሰድ፣ ውሃ ሲቀዳ ተራውን እንዲጠብቅ፣ ታናሽ እኅቱ ስትወድቅ እንዲያነሣት ሲነገረው ይህን ትምህርት ይማራል። ቤተ ሰብ የጀመረውን ትምህርት ቤት ያጸናዋል፤ ትምህርት ቤት የዘነጋውንም ቤተ ሰብ ያቃናዋል። በዚህ በኛ ዘመን ግን በገበታውና በጥቍር ሰሌዳው መካከል አንድ አዲስ እንግዳ ገብቷል፤ ስሙም ኮምፒዩተር፣ ታብሌት፣ የእጅ ስልክ ይባላል። ብዙ ወላጆችም «ይህ መሣሪያ ልጄን ዕውቀት ያስጨብጠው ይሆናል፤ ነገር ግን ከሰው ይለይብኝ ይሆን?» እያሉ ይጨነቃሉ።

ጭንቀታቸው ከንቱ አይደለም። በስክሪኑ ላይ አፍጥጦ የሚውል ልጅ ሰላምታ መመለስ እንኳ ሲሳነው በየቤቱ ይታያል። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። መሣሪያው ደግነትንም ንፉግነትንም አያውቅም፤ አንዱን ወይም ሌላውን የሚያስተምረው ልጆቹ በመሣሪያው የሚሠሩበት ሥርዐት ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ይህን ሥርዐት የሚመለከት ይሆናል።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የኮምፒዩተሩ ቍጥር ከተማሪው ቍጥር እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሦስትና አራት ሕፃናት በአንድ መሣሪያ ፊት ይቀመጣሉ። መምህሩ «በኅብረት ሥሩ» ብሎ ካዘዘ በኋላ ፊቱን ወደ ሌላ ቢመልስ የሚሆነው ይህ ነው፤ ፈጣኑ ልጅ ማውሱን ይይዛል፤ ሁለተኛው «ለኔም ስጠኝ» እያለ ይገፋዋል፤ ሦስተኛዋ በትከሻቸው ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ አራተኛው ደግሞ በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። ደወሉ ሲደወል ሥራው ተጠናቋል፤ መምህሩም እኩል ማርክ ለአራቱም ይሰጣል። ነገር ግን አራቱ አንድ ትምህርት አልተማሩም። ፈጣኑ ያለ ጓደኞቹ መሥራት እንደሚችል ተምሯል። በጫፍ የተቀመጠው ደግሞ የርሱ መኖርና አለመኖር አንድ መሆኑን ተምሯል። ይህ ትምህርት በፈተና ወረቀት ላይ አይታይም፤ ሒሳቡ ከተረሳ በኋላ ግን በልብ ውስጥ ይኖራል። እንግዲህ «በኅብረት ሥሩ» ማለት ብቻውን ኅብረትን እንደማይፈጥር ግልጽ ነው።

ይህን ችግር ኮምፒዩተር ወደ ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ የተጋፈጡ ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1971 በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በኦስቲን ከተማ፣ ቀድሞ በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ሕፃናት በአንድ ክፍል እንዲማሩ በተደረገ ጊዜ፣ ጠብና ንቀት በመካከላቸው በዛ። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆኑት ኤልየት አሮንሰንና ተማሪዎቻቸው ነገሩን እንዲመረምሩ ተጠርተው ሲመለከቱ፣ የጠቡ አንዱ ምንጭ የክፍሉ አሠራር መሆኑን ተረዱ። መምህሩ ይጠይቃል፤ ሕፃናቱ እጃቸውን ያወጣሉ፤ አንዱ ሲመልስ የቀሩት ያዝናሉ፤ የአንዱም መሳሳት ለሌላው ደስታ ይሆናል። ስለዚህ ትምህርቱን በድርሻ አደረጉት። የጋዜጠኛውን የጆሴፍ ፑሊትዘርን የሕይወት ታሪክ በስድስት አንቀጽ ከፍለው ለስድስት ሕፃናት አንዳንድ አንቀጽ ሰጡ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አንቀጽ አጥንቶ ለጓደኞቹ ያስረዳል፤ ሙሉውን ታሪክ ለማወቅም የቀሩትን አምስቱን ከማዳመጥ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ፈተናውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተናል።

ከነዚህ ሕፃናት መካከል እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ አንድ ልጅ ነበረ። አንደበቱ ሲተሳሰርበት ጓደኞቹ በመጀመሪያ አፌዙበት። ነገር ግን ፌዙ ስለ ፑሊትዘር አንዳች እንደማያሳውቃቸው፣ ፈተናውም እንደማይቀርላቸው በተነገራቸው ጊዜ፣ ቀስ በቀስ በትዕግሥት መጠየቅንና ማደፋፈርን ለመዱ፤ እርሱም የሚያውቀውን መናገር ቻለ። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። ሕፃናቱን የለወጣቸው ስለ ደግነት የተሰጠ ረጅም ምክር አይደለም፤ ያለ ደግነት የማይፈጸም ሥራ ነው።

ይህንኑ ሥርዐት በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ማዋል ይቻላል። ለምሳሌ ያህል «ስክራች» የሚባለውን ፕሮግራም እንውሰድ። ይህን ፕሮግራም ያዘጋጀው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራ ቡድን ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ነው። ይልቁንም ከ8 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች የታሰበና ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ልጁ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ቍርጥራጮች እንደ ጡብ እያጋጠመ ሥዕል እንዲንቀሳቀስ፣ እንዲናገር፣ እንዲዘምር ያደርጋል። ትእዛዞቹን በአማርኛ ማንበብ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አራቱ ሕፃናት በዚህ ፕሮግራም የአንበሳንና የአይጥን ተረት እንዲሠሩ ቢታዘዙ፣ መምህሩ አስቀድሞ ድርሻቸውን ይለይላቸው። አንዷ ተረቱን በወረቀት ጽፋ በትዕይንት ትከፋፍለዋለች፤ ሁለተኛው አንበሳውንና አይጧን ይሥላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ይቀርጻል፤ አራተኛዋ ትእዛዞቹን ታጋጥማለች። አንበሳው ካልተሣለ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ድምፁ ካልተቀረጸ አንበሳው አያገሣም፤ ትእዛዙ ካልተጋጠመም ሁሉም ደርቆ ይቀራል። ያ በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ወደ ውጭ ይመለከት የነበረው ልጅ የድምፁ ድርሻ ቢደርሰው፣ የአንበሳው ግሣት የርሱ ነውና ጓደኞቹ ይፈልጉታል። መፈለጉን ያወቀ ልጅ ደግሞ በመስኮት ለመመልከት ጊዜ አያገኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ድርሻው ሊለዋወጥ ይገባል፤ አለዚያ ሠዓሊው ሁልጊዜ ሠዓሊ፣ ጸሓፊዋም ሁልጊዜ ጸሓፊ ሆነው የአንዱን ድካም ሌላው ሳያውቀው ይቀራል።

ከዚህም በቀር በስክራች ድረ ገጽ ላይ አንድ ልጅ የሌላውን ሥራ ወስዶ አሻሽሎ እንዲያወጣ ይፈቀድለታል፤ በዚህ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ሠሪ ስም አብሮ ይወጣል። መምህሩ ይህን ምክንያት አድርጎ፣ የሰውን ድካም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር መሆኑን፣ አመስግኖ መቀበልና ጨምሮ መመለስ ግን የሚያስከብር መሆኑን ሊያስተምር ይችላል።

በመሣሪያው ፊት የተቀመጡት ሁለት ብቻ እንደ ሆኑ ደግሞ ሌላ ሥርዐት አለ። በኮምፒዩተር ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ሁለት ሆነው በአንድ መሣሪያ ሲሠሩ፣ አንዱ በእጁ ይጽፋል፤ ሌላው አካሄዱን እየተመለከተ ይመራል፣ ስሕተቱንም ያርማል። የሚመራው ቍልፉን አይነካም፤ የሚጽፈውም ያልተስማሙበትን አይጽፍም። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይለዋወጣሉ፤ ሰዓቱን የሚጠብቀው መምህሩ ቢሆን ይሻላል። እጁን ሰብስቦ በቃል ማስረዳት ለፈጣን ልጅ ከሒሳብ ይልቅ ይከብደዋል። ጓደኛው ቍልፉን እስኪያገኝ ድረስ መታገሥን የተማረ ልጅ ግን፣ አያቱ መርፌ ክር እስኪያስገቡ ድረስም ሳይነጥቅ መጠበቅን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ብዙ ደቀ መዛሙርት በአንድ መምህር ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ ቀደም ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ሲያስቀጽልም ለራሱ ያጸናል። በማኅሌትም መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ሲቆሙ አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ድምፁ የቱን ያህል ያማረ ቢሆን ብቻውን የቸኰለ ዜማውን ያፈርሰዋል። መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪዎቹ ብዙ በነበሩበት ቤት የመጽሐፉ ማነስ መተሳሰብን አስተምሯል። ስለዚህ የኮምፒዩተር ማነስ ችግር መሆኑ ባይካድም፣ ሥርዐት ከተበጀለት ለልጆቻችን መልካም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ መሣሪያ የተሰጠ እንደ ሆነማ ይህን መተሳሰብ ሆን ብሎ መፍጠር ለመምህሩ ይበልጥ ያስቸግረዋል።

በአንጻሩ መሣሪያው ለመነጋገር ፋታ የነሣበት ጊዜም ነበረ። በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠት ጀመረ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው ይህ መሣሪያ ሥዕላዊ ማስረጃንና የሳይንስ ሙከራን ቤተ ሙከራ ላልነበራቸው ትምህርት ቤቶች አድርሷል። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየው መምህር ያልገባውን ተማሪ አይቶ ቆም አይልም ነበር፤ ተማሪውም ጓደኛውን ለመጠየቅ ጊዜ አያገኝም፤ የክፍሉ መምህርም ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ሆኖ ይቀር ነበር። ልጆች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ጊዜ የማይተው መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢያበራ፣ ኅብረትን ሊያስተምር እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

ከሥራ ድልድል ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚያሻው ቃል ነው። ልጆች በየመሣሪያቸው ሆነው በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ ሲጽፉ፣ አንዱ በሌላው ጽሑፍ ዳር አስተያየቱን ማኖር ይችላል። ፊት ለፊት ሲናገር የጓደኛው ዐይን እንባ ሲያቀርር አይቶ የሚቆም ልጅ፣ በስክሪኑ ላይ ሲጽፍ ግን ያን ዐይን አያየውም። ስለዚህ ቃሉ ከመላኩ በፊት ልጓም ያስፈልገዋል። በማሳቹሴትስ ከ25 ዓመት በላይ ያስተማሩት ሮን በርገር ለአስተያየት ሦስት ሕግ አኑረዋል፤ ደግ ይሁን፣ ለይቶ የሚያመለክት ይሁን፣ የሚረዳም ይሁን። እኒሁ መምህር ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ምሳሌ አለ። በአይዳሆ ክፍለ ግዛት የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ሕፃን ቢራቢሮ ሣለ፤ ሥዕሉም እንደ ማንኛውም ሕፃን ሥዕል ነበረ። ጓደኞቹ በመጀመሪያ ስለ ክንፉ ቅርጽ፣ ቀጥሎም በክንፉ ላይ ስላለው ጌጥ እየለዩ መከሩት፤ እርሱም ደጋግሞ ሣለው። የመጨረሻው ሥዕል በሳይንስ መጽሐፍ የሚገባ መሰለ።

«አስቀያሚ ነው» የሚለው ቃል ያቈስላል፤ «በጣም ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ያስደስታል እንጂ አይረዳም። «የአንበሳህ ጐፈር ያምራል፤ ጅራቱ ግን አጥሯልና ብታስረዝመው» የሚለው ቃል ሦስቱንም ሕግ ይፈጽማል። ደግነት ማቈላመጥ አለመሆኑን ልጅ በዚህ ይማራል። ደግሞም አንዱ በክፋት የሌላውን ጽሑፍ ከጋራው ሰነድ ላይ ቢሰርዝ፣ እንዲህ ያሉት ሰነዶች የቀድሞውን መልክ ስለሚያስቀምጡ የተሰረዘው ሊመለስ ይችላል። መምህሩ ጥፋተኛውን በጓደኞቹ ፊት ከማዋረድ ይልቅ፣ የሰረዘውን በራሱ እጅ እንዲመልስና ይቅርታ እንዲጠይቅ ቢያደርገው፣ ቅጣቱ ራሱ ትምህርት ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ላይ ከወላጆች የሚነሣ አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለ። ትጉዋ ልጅ ወደ ቤት ገብታ «ሁሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማርኩን ግን እኩል ወሰድን» ትላለች። ይህ በደል ነውና «ግድ የለም፣ ተዪው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። መምህሩ ለእያንዳንዱ ድርሻና ለጋራው ሥራ ለየብቻ ማርክ ይስጥ፤ የጋራው ሰነድም ማን ምን እንደ ጻፈ ስለሚያሳይ ይመልከተው። ወላጅ ደግሞ ልጁን «ጓደኛሽ ያልሠራው ስላልፈለገ ነው ወይስ ስላልቻለ?» ብሎ ይጠይቃት። ያልፈለገውን ለመምህሩ መንገር ተገቢ ነው፤ ያልቻለውን ማስቻል ግን የርሷ ድርሻ ነው። ይህን ለይታ ያወቀች ልጅ ከማርክ የሚበልጥ ነገር አግኝታለች።

ወላጆች ሆይ፣ ለዚህ ሥራ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር አያስፈልጋችሁም። በቤት ውስጥ ያለው አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል። የበዓል ዕለት ልጆቻችሁ የአያታቸውን የልጅነት ታሪክ እንዲቀርጹ እዘዟቸው፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዷ ድምፁን ትቅረጽ፣ ሌላው የሰማውን ይጻፍ፣ ትንሹም የአያቱን የትውልድ ቤት ይሣል። ሥራው ሲያልቅ «ማን በለጠ?» አትበሏቸው፤ «ማን ማንን ረዳ?» በሏቸው። ልጅ ወላጁ የሚጠይቀውን ነገር ለማግኘት ይደክማልና፣ ብልጫን ብቻ ከጠየቅነው ብልጫን ብቻ ያመጣልናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ድር ግን ያለ ፈታይ አያብርም። መሣሪያው በየጊዜው ይለወጣል፤ ዛሬ የሚያስደንቀን ነገ ያረጃል። ተራውን መጠበቅ፣ የደከመውን መርዳት፣ ስሕተትን ሳያዋርዱ ማረም ግን አያረጁም። እነዚህን በልጆቻችን ልብ የማኖሩ ሥራ የመሣሪያው ሳይሆን የመምህራንና የወላጆች ነውና፣ በየክፍላችንና በየቤታችን ድርሻቸውን እየለየን፣ እጃቸውን እያለዋወጥን እናስተምራቸው።